የአበልጄ ሸክላ ማጫወቻ

የዘፈን ሸክላዎቼን በጋቢ ጠቅልዬ የአውቶቡሱ ሞተር ላይ አስቀመጥኳቸው። ሞተሩ ከሾፌሩ ጎን ነው፤ ክዳኑ እንደ መደብ ጠፍጣፋ ሆኖ አስቀምጡብኝ የሚል ዐይነት ነበር። ኋላ ያለው ቦታ በበርበሬ ጆንያ ስለ ተያዘ፣ እዚያ ከሆኑ ይሰበራሉ ብዬ ነው። ረዳቱ አየኝና፣

"አባባ፣ እዚያ ይሞቃል" አለኝ።

"ይሙቃቸው እንጂ! የጥር ብርድ ለእኔ ብቻ ነው እንዴ?" አልኩት።

ተሳፋሪው ሳቀ። ሰው ከሳቀልኝ አእምሮዬ ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል፤ የቆየ በሽታዬ ነው። ማንኩሳን አልፈን ቡሬ መናኸሪያ ስንደርስ ጋቢውን ፈታሁት። አንዱ ሸክላ እንደ ባርኔጣ ጎብጧል። ሌላው ጠርዙ እንደ ደረቀ ቆዳ ተኮማትሯል። ከሁሉ የምሳሳለት ትንሹ ሸክላ፣ የሠርግ ዘፈን ያለበት፣ ከዳር እስከ ዳር ከፍ ዝቅ እያለ የመጣንበትን መንገድ መስሏል። ረዳቱ አንገቱን አስግጎ አየና፣ "ሞቃቸው፣ አባባ" ብሎኝ ወረደ።

ወደ ቡሬ የሄድኩት አንድ የተጠገነ አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ ልግዛ አልግዛ ብዬ ልወስን ነበር። ሸክላዎቹን የያዝኩትም አስዘፍኜ ልሞክረው ነው። ሳልሞክረው ቀቀልኳቸው።

ቤቴ ውስጥ አዲስ ማጫወቻ ባይኖር ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ትልቋ ልጄ ባሕር ዳር ትኖራለች። ትንሿ እኅቷ ልትዳር ነውና ለመልሱ ድግስ ይሆነናል ብላ ከዱባይ የመጣ አዲስ ማጫወቻ በሰው እጅ ላከችልኝ። "ከወደዱት ይያዙት፤ ካልወደዱት ከነሣጥኑ ይመልሱት" ብላኛለች። የሚዘጋ ሻንጣ ይመስላል። በአንድ ጣት ይነሣል። ስፒከሩ ውስጡ ነው፤ ሸክላ ሲሰለቸው ፍላሽም ይጎርሳል። ልብ ያለው ሰው የሚመርጠው እሱን ነበር። ሌላ ሰው መጥቶ ቢያማክረኝ እኔም እሱን ያዝ እለው ነበር።

ቡሬ ያለው ግን የአበልጄ ነበር።

አበልጄ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ከኮብልስቶኑ ማዶ የሚኖር ሰው ነው። ድሮ ፍኖተ ሰላም ውስጥ መኪና መንገዱ ዳር ቡና ቤት ነበረው። ማጫወቻው እዚያ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ይዘፍናል፤ ሠርግ ሲሆን ደግሞ ከነባለቤቱ ይከራያል፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅድም ነበርና።

ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ዓመት ሲቀራቸው ነው። እኔ የወባ መድኃኒት ረጪ ነበርኩ። ጀርባዬ ላይ ፓምፕ አዝዬ ከመንደር መንደር ስዞር እውላለሁ። እግሬ ላይ ግን የመንግሥት ቦት ጫማ አለ፤ ያ ጫማ ከደመወዜ ይልቅ ያኮራኝ ነበር። አንድ ጓደኛዬ ሲያገባ ሚዜ ሆንኩ። ማጫወቻው ተከራይቶ መጥቶ ዳሱ ውስጥ ለጭፈራ በተነጠፈው ሳንቃ ላይ ተጎልቷል። አንዲት ልጅ ጥግ ቆማ ታየኛለች፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ። ተነሣሁ። ከነቦት ጫማዬ እስክስታ ወረድኩ። ሳንቃውም አብሮኝ ወረደ። መርፌው ዘለለ፤ ዘፋኙ አንዲት ቃል ላይ ተንተባተበ። ባለ ማጫወቻው፣ የዛሬው አበልጄ፣ መርፌውን የያዘውን ክንድ አነሣና፣ ዳሱ ዝም እስኪል ጠብቆ፣

"ጎበዝ፣ መርፌዬን ከዚህ ሰው ጫማ አድኑልኝ!" አለ።

ዳሱ ሊፈርስ ደረሰ። ልጅቷም ሳቀች። በኋላ አገባችኝ፤ ሳቋን ግን እስከ ዛሬ አልጨረሰችም። ከዚያች ቀን ጀምሮ በፍኖተ ሰላም ስሜ "መርፌ አስዘላይ" ሆነ። መንግሥት ተለወጠ፣ እኔ መርፌ አስዘላይ። እንደገና ተለወጠ፣ አሁንም መርፌ አስዘላይ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ የአንድ ለአምስት ጠርናፊያችን በትክክለኛ ስሜ ደጋግሞ ቢጠራኝ አላወቅኩትም፤ በቅጽል ስሜ ሲጠራኝ ግን ሞኙ "አቤት!" አልኩ።

ይህን ያህል ዘመን ቂም እንዴት ይያዛል ትሉ ይሆናል። ቀላል ሥራ ነው። ዐይን አይጠይቅ፣ ጉልበት አይጠይቅ፤ ለጡረተኛ የተፈጠረ ነው።

ችግሩ፣ በመካከሉ አበልጆች ሆንን። አጥራችንን ወደ መንገዱ በመግፋት ተጣልተን ሽማግሌ ገባና፣ ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ እንዳንጣላ ያሰሩን የእሱን ሚስት፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የትንሿ ልጄ ክርስትና እናት በማድረግ ነው። ከአበልጅ ጋር በአደባባይ መጣላት ነውር ነው። ስለዚህ ጓዳ ውስጥ እየረገምኩት ደጅ ስወጣ "እንዴት አደሩ፣ አበልጄ?" እለዋለሁ። እሱም፣ "እግዚአብሔር ይመስገን! አንቱስ፣ መርፌ አስዘላይ?" ይለኛል። ድምፁ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየጎላ መጥቶ፣ ሰላምታው ደምበጫ የሚሰማ እየመሰለኝ መጣ። ሆን ብሎ ነው፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ነው እያልኩ ቂሜን አበላው ነበር።

ያም ሁሉ ይቅር። ለትንሿ ልጄ ሽማግሌ ሲላክ እሱም በአበልጅነቱ ከጎኔ ተቀመጠ። የወንድ ወገን ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ቆመው "ልጅዎን ለልጃችን" ብለው ሲጀምሩ ስሜን ትንሽ ተሳሳቱት። አፋቸውን ትክ ብሎ ያይ የነበረው አበልጄ ሊያርማቸው ጀመረ።

"በዚህ ስም ቢፈልጓቸው አያገኟቸውም! መርፌ አስዘላይ ነው የሚባሉት!"

ታሪኩንም ከነቦት ጫማው ተረከላቸው። እስክስታዬን ሳይቀር ተቀምጦ በትከሻው አሳያቸው። የወደፊት አማቾቼ ስቀው ሲያበቁ ልጅቷን ሰጠኋቸው። እምቢ ብላቸው ደስ ባለኝ፤ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ታየኝ ነበር።

በማግስቱ ወሬ ሰማሁ። አበልጄ ያን ማጫወቻ ቡሬ ላለ ሬዲዮ ጠጋኝ ሸጦታል፤ ጠጋኙም አድሶ ለገበያ አቅርቦታል። በቀሌ ራሷ መጥታ በር አንኳኳች። በመልሱ ቀን ያንኑ ማጫወቻ ሳንቃ ላይ አስቀምጣለሁ። አበልጄን በክብር እጠራለሁ፤ አበላዋለሁ፣ አጠጣዋለሁ፤ "ይነሡ እንጂ፣ ለክርስትና ልጃችን!" ብዬ አስነሣዋለሁ። እሱና ከዘራው አንድ ላይ ሳንቃውን ሲረግጡት መርፌው ይዘላል። ያኔ ክንዱን አነሣለሁ፤ ዳሱ ዝም እስኪል እጠብቃለሁ፤ ያችኑ ቃል በአማቾቼ ፊት እመልስለታለሁ። ጢሜን ስላጭ በመስተዋት ፊት ተለማምጃታለሁ። በአዲሱ ማጫወቻ ይህን ማድረግ አይቻልም። የሰው ሁሉ ማጫወቻ ነው፤ ከአበልጄ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

እንግዲህ የተቀቀሉ ሸክላዎቼን በብብቴ ይዤ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለችው የጠጋኙ ሱቅ ገባሁ። ጠጋኙ የአዊ ሰው ነው፤ ወሬ ሲጀምር ከዘር ሐረጉ ይጀምራል። ሞባይሉን ሲጠግን ከነበረበት ብድግ ብሎ ሣጥኑን አሳየኝ። እንጨቱን በብርጭቆ ስባሪ ፍቆ ቀብቶታል። ውስጥ የምትሽከረከረዋን ጎማ ከብስክሌት ካላማዳሪያ ቆርጦ ተክቷታል። የስፒከሩን ጨርቅ ግን እንዳለ ትቶታል፤ ድሮ ቡና ቤቱ ውስጥ አንድ ሾፌር ሲጋራ ተርኩሶባት የነበረችውን ነጥብ አየኋትና ራሱ መሆኑን አወቅኩ።

"አባቴ፣ እነዚህን ሸክላዎች ምን አገኛቸው?" አለኝ።

"ታመው ነው።"

"በምን?"

"በጉዞ።"

አዲስ ማጫወቻ ቤቴ እንዳለ፣ ከዚህ ጋር እያመዛዘንኩ እንደሆነ ነገርኩት። ትንሹን ሸክላ በዐይኑ ትክክል ይዞ ከጎኑ አየው።

"የአዲሱ ክንድ ቀላል ነው?"

"እንደ ላባ።"

"እንግዲያ ይህን አይጫወትም። ገና አንድ ዙር ሳይዞር ይወረውረዋል። ይኼ የኔው ግን በሬ ነው። ጉድባም ቢሆን ዳገትም ቢሆን ይወጣል።"

ሸክላውን አስቀምጦ መርፌውን ጣለበት። ዘፋኙ በቅሎ ላይ ተቀምጦ የሚዘፍን መሰለ፤ ድምፁ ይወጣል ይወርዳል። ግን ዘፈነ። ጠጋኙ ደስ እንደሚለኝ ጠበቀ። እኔ ግን ሥጋት ገባኝ። ዳገት የማይበግረው በሬ በአበልጄ እግር ይበገራል? ቀኝ እግሬን አነሣሁና የሱቁን ወለል ረገጥኩት። መርፌው ዘለለ።

"እሰይ!" አልኩ።

ጠጋኙ ደነገጠ። "ይቺ እንኳ ጉድለቱ ናት፣ አባቴ። አልደብቅዎትም። ላስተካክላት ሞክሬ እምቢ አለችኝ። ከፈለጉ ዋጋ እቀንስልዎታለሁ።"

"እንዳትነካት! አንተ ደግሞ፣ እሷን ብዬ አይደል የመጣሁት!"

ከእግር እስከ ራስ አየኝ። ጉድለት መርጦ የሚገዛ ሽማግሌ ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ። እኔው ደግሜ ረገጥኩ፤ ደግማ ዘለለች። የጡረታ ገንዘቤን አወጣሁ።

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ተሸካሚው ሣጥኑን ሲያወርድ ወደ ኮብልስቶኑ ማዶ አየች፤ ሣጥኑን አየች፤ እኔን አየች።

"ይኼ የአበልጃችን ሣጥን አይደለም?"

"ነው።"

"አዲሱስ?"

"አዲሱ እነዚህን ሸክላዎች አይጫወትም። ታመዋል።"

"ማን አሳመማቸው?"

"ሞተር።"

"ሞተሩ ላይ ማን ጫናቸው?"

ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ።

"ስማኝ አንተ ሰውዬ" አለችኝ፤ "የልጄ መልስ ነው ወይስ ያንተ ፍርድ ቤት? ድግሱ ዘፈን አጥቶ ልጄ በአማቶቿ ፊት ካፈረች፣ ጓዜን ጠቅልዬ ማዶ አበልጃችን ቤት ነው የምገባው። እሱ ቢያንስ መሣቂያ አያደርገኝም።"

ያን ጊዜ አዲሱን ማጫወቻ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ይቻል ነበር። ቤት ውስጥ ከቆየ ግን ባለቤቴ በመጨረሻዋ ሰዓት አውጥታ ታስቀምጠውና በቀሌ ውኃ ይበላታል ብዬ ፈራሁ። በማግስቱ ከነሣጥኑ ወደ ባሕር ዳር መለስኩት።

የመልሱ ቀን ዳሱ ውስጥ ሳንቃውን ያነጠፍኩት እኔው ነኝ። ሚስማር የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ሚስማር አልመታሁም። ሙሽሮቹ ገቡ፤ አማቾቼ ተቀመጡ፤ ጠላው ዞረ። አበልጄ ነጭ ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ መጣ። ማጫወቻውን ሲያይ ቆመ። ጣቱን ወደ ስፒከሩ ጨርቅ ሰደደና ሲጋራ የተረኮሰባትን ነጥብ ነካ አደረጋት። እኔም በልቤ፣ የመጀመሪያዋን በትር አሳረፍኩበት አልኩ። ከፊት፣ ከሳንቃው አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ጠጁን ራሴ ቀዳሁለት።

"ይጠጡ እንጂ፣ አበልጄ።"

ከዚያ ሸክላዬን አወጣሁ። ሌሎቹ ከቡሬ እንደተመለሱ ሞተዋል፤ ተስፋዬ ሁሉ ትንሿ ናት። የትንንሽ ሸክላዎች መሃል ቀዳዳው ሰፊ ነው። እዚያ የምትገባ፣ የሲኒ ቂጥ የምታክል ክብ ፕላስቲክ አለች፤ እኛ እምብርት እንላታለን። እምብርት ከሌለ ሸክላው መሃሉን ስቶ ይንገዳገዳል። ቡሬ ላይ ጠጋኙ የራሱን አስገብቶ ነው ያሰማኝ፤ ከዚያም ነቅሎ ኪሱ ከተታት። እኔ ወለል እየረገጥኩ ስደሰት አላየሁም። አዲሱ ማጫወቻም አንዲት ነበረችው። እሷም ባሕር ዳር ናት፣ ከነሣጥኑ።

ቡሽ ጠርቤ ሞከርኩ። ድንች ቆርጬ ሞከርኩ። ዘፋኙ በድንች ላይ ሲዞር እንደ ታረደ ፍየል ጮኸ። አንድ ወጣት "በሞባይል እናድርገዋ!" ብሎ ስልኩን አነሣ፤ ከስልኩ የወጣው ድምፅ ከፊቱ ያለውን ሰው እንኳ አላለፈም። ጭብጨባው ቆመ። አማቾቼ ብርጭቆ ብርጭቆአቸውን ያዩ ጀመር። ትንሿ ልጄ በሙሽራ ልብሷ ውስጥ አንገቷን ደፋች። ባለቤቴን አላየኋትም፤ ላያት አልደፈርኩም።

"ምን ጎደለ?" አለ አበልጄ፣ በዚያ በሚጮህ ድምፁ።

ቀዳዳውን በጣቴ አሳየሁት። እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ። ሲያወጣው መዳፉ ላይ ክብ ጥቁር ፕላስቲክ ተቀምጣለች።

"ሣጥኑን ስሸጥ እሷን አስቀረኋት፤ ከኪሴ አትለይም" አለ።

"ለምን?"

አፌን ትክ ብሎ አየና፣ "ያለ እኔ እንዳይዘፍን" አለ። አላፈረበትም። እኔም ውስጤ ተቃጥሎ ሳለ አደነቅኩት። ቂምን እንደ እኔ አክብሮ የሚይዝ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

"ያውሱኝ" አልኩት፣ ጎንበስ ብዬ፣ በጆሮው።

"አልሰማሁም።"

"እባክዎ አበልጄ፣ ያውሱኝ።"

"አልሰማሁም! ጮክ ብለው ይበሉ እንጂ!"

በአማቾቼ ፊት ሊያስለምነኝ ነው። እንድበቀለው የጠራሁት ሰው በገዛ ዳሴ፣ በገዛ ጠጄ ሊበቀለኝ። ልጄ አንገቷን እንደ ደፋች ናት። ቀና ብዬ፣

"እባክዎ አበልጄ፣ እምብርትዎን ያውሱኝ!" ብዬ ዳሱ እስኪያስተጋባ ጮኽኩ።

ሰው በሳቅ ፈነዳ። እሱም ፈገግ ብሎ ሰጠኝ።

ሸክላው ዞረ። ዘፋኙ በበቅሎው ላይ መጣ። ወጣቶቹ ተነሡ፣ ልጄም ተነሣች፣ ጭብጨባው ተመለሰ። እኔ ጊዜ አላጠፋሁም። አበልጄን በክንዱ ይዤ ሳንቃው ላይ አወጣሁት። ከዘራውን ለአንዱ አማቼ ሰጠ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ዐይኑን ጨፈነ። ጥቂት ቆሞ፣ እንጨቱን በእግሩ መዳፍ የሚዳስስ ይመስል ነበር። ከዚያ ትከሻው ተነሣ። ይህን ስጽፍ ቢመረኝም፣ ሰውዬው ይችላል። ሳንቃው ግን ሚስማር የለውም። አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ሲረግጥ መርፌው ዘለለ።

የማጫወቻውን ክንድ አነሣሁ። ዘፈኑ ቆመ፤ ጭብጨባው ቆመ፤ ዳሱ ዝም አለ። ቃሏ ምላሴ ጫፍ ላይ ናት። አፌን ከፈትኩ።

አበልጄ ይጨፍራል።

ዘፈን የለም፤ ጭብጨባ የለም፤ እሱ ዐይኑን ጨፍኖ ትከሻውን ይንጣል። አንዱ አማቼ በአፍንጫው መሳቅ ጀመረ። ያን ጊዜ ገባኝ። "አልሰማሁም" ያለኝ እውነቱን ነበር። በየማለዳው የሚጮኸው ለመንገደኛው አልነበረም። ማጫወቻውንም የሸጠው ስለማይሰማው ነው፤ ይህን ደግሞ ለማንም አልተናገረም። የሚጨፍረው እኔ በክፋት ሚስማር የነሣሁት ሳንቃ ውስጥ ለውስጥ የሚያመጣለትን የዘፈን ንዝረት ይዞ ነበር፤ አሁን ያም ሲቆም በልቡ ቀጥሏል።

ከዕቅዴ የበለጠ በቀል እጄ ገባ። ዝም ብዬ ክንዱን አንሥቼ ብቆይ፣ ዐይኑን ሲገልጥ ዳሱ ሙሉ ሰው ቆሞ ያየዋል። አልዋሽም፤ ትንሽ ቆየሁ። ጣፈጠኝ። ግን እኔ ያኔ በቦት ጫማዬ ስቆም ያችን ቃል ሰምቻታለሁ፤ እስከ ዛሬ እሰማታለሁ። እሱ አይሰማኝም። ለማይሰማ ሰው ያን ሁሉ ዘመን የቆየች ቃሌን አላባክናትም ብዬ መርፌውን መለስኩት።

"ጎበዝ፣ ምን ቆማችኋል? መርፌውን የነካሁት እኔ ነኝ! አጨብጭቡ!" አልኩ።

አጨበጨቡ። አማቾቼም እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በእኔ ሳቁ፤ የሚጠበቅ ነው። አበልጄ ዐይኑን ሲገልጥ ሁሉ ነገር እንደ ነበረ ነበር። ከዘራውን ተቀብሎ፣ ላቡን በነጠላው ጠርጎ፣ "ዘፈኑ ጥሩ ነው" አለኝ። አንገቴን ነቀነቅኩለት። በልቤ ግን ረገምኩት፤ ቂሜን እንኳ በወጉ እንዳልጨርሳት አድርጎ የሰረቀኝ ሰው ነው።

ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴም። ከበጎነት አይደለም። ምስጢሩ እኔ ብቻ ዘንድ ካለ አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብዬ ነው።

እምብርቷ ግን ማጫወቻው ላይ እንደ ተቀመጠች ቀረች። አበልጄ ማለዳ ማለዳ በሩ ላይ ሆኖ፣ "እምብርቴን መቼ ነው የሚመልሱልኝ?" እያለ ይጮሃል። እኔም መንገዱን ተሻግሬ፣ አፌን እንዲያየው ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ "ነገ" እለዋለሁ። በሞላ ዳስ ፊት ጮኼ የተዋስኩት ዕቃ ስለ ሆነ መካድ አልችልም፤ ምስክሩ ብዙ ነው። እስከ ዛሬ ግን አልመለስኩለትም።